ኢንጂነሩ ያከማት ኮምፒውተር

«ማሽኑስ ድሮ አልቆለታል፤ እሷ ሙጭጭ ያለችው ለጨዋታው ብላ ነው» ተባለች ባለጥልፏ። ፊት ለፊት ቢሏት እንኳ ባልከፋ። ያሏት ግን ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ነው፣ እሷ ክር ስትመርጥ እነሱ ሻይ እየጠጡ። ግድግዳው ደግሞ ጣውላ ነው፤ ሹክሹክታ ሳይቀር ያሳልፋል።

ሃያ ሁለት ዓመት! የነርስ ኪስ፣ የዳቦ ጋጋሪ ኮፍያ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ትከሻ፣ ላዩ ላይ አርማ ያረፈበት ልብስ ሁሉ በእጇ አልፏል። ያቺን የመሰለች ሴት ቆማ እያየች ማሽኑን ጠየቁት፣ ዝም አላቸው። ኮምፒውተሯን ጠየቋት፣ በባዕድ ቋንቋ መለሰችላቸው። ስልካቸውን ጠየቁት፣ ማስታወቂያ አሳያቸው። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ግን አንድ ሰው ጠፋ። ጥግ እንደተቀመጠ የክር ቅርጫት ዞረዋት አለፉ።

ለነገሩ እስከዚያ ሳምንት ማክሰኞ ድረስ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። ይህ ልብ ይባል። ሊጠግን የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምንም ባልተበላሸበት ቀን ነው።

ወርክሾፑ ሁለት ክፍል አለው። በፊተኛው ክፍል የመቁረጫው ጠረጴዛና የካውያው ማሳረፊያ አሉ፤ ካውያውን የምትይዘው አፏ ከካውያው ይበልጥ የሚያቃጥል ጎልማሳ ሴት ናት፣ ባለካውያዋ ይሏታል። በኋላው ክፍል ባለ ስድስት መርፌው የጥልፍ ማሽን ቆሟል። ከጎኑ፣ በአንዲት ወፍራም ገመድ ከእሱ ጋር ታስራ፣ ኮምፒውተሯ ተቀምጣለች። ስትገዛ ነጭ ነበረች ይባላል፤ አሁን መልኳ የአጫሽ ጥርስ መስሏል። ስክሪኗ ከኋላ ሆዱ የተነፋ ነው፤ ለብቻው ሁለት ሰው ያሸክማል።

ሁለቱን ባንድ ቀን ገዝቶ ያመጣቸው የባለጥልፏ ባል ነው። እሱ አርማውን በእርሳስ ይሥላል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ስፌት በስፌት ኮምፒውተሯ ውስጥ ያስገባዋል። እሷ ጨርቁን ፍሬም ላይ ትወጥራለች፣ ክሩን ትመርጣለች፣ ማሽኑን ታስነሳለች። ባልየው ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። የሣላቸው አርማዎች ግን አንድም ሳይቀሩ እዚያችው ውስጥ አሉ፤ ሌላ ቦታ የሉም። ወረቀቱን አይጥ በልቶታል።

ባለጥልፏ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን አትደብቅም፣ አታፍርበትምም። ቁጥር ላይ ግን ማንም አያታልላትም፤ ክር በቁጥር ነው የሚገዛ፣ መርፌም በቁጥር። ኮምፒውተሯን የምታውቃት እንደ ቤቷ ነው። ቤቱ ውስጥ በጨለማ የሚሄድ ሰው በሩ ላይ «በር» ተብሎ ይጻፍልኝ አይልም። ጠዋት ሶኬቱን ትሰካለች፤ ማታ ነቅላው ነው የምትሄደው፣ ባሏ መብረቅ ይፈራ ስለነበር። ኮምፒውተሯ አንዴ ጢጥ ትልና በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ታወጣለች። ባለጥልፏ ከላይኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛዋን ቁልፍ ትጫናለች፣ ስክሪኑ ይበራል። ይህ በየማለዳው ነው፤ ሰላምታቸው ሆኗል።

ከዚያ ጨዋታዋን ትከፍታለች። ኳስ እየነጠረች ጡብ የምታፈርስባት፣ ባሏ ያስገባት ጨዋታ ናት። አንድ ዙር ብቻ። ኳሷ እንደ ወትሮዋ ከነጠረች ኮምፒውተሯ ጤነኛ ናት፣ ወደ ሥራ ይገባል። ኳሷ ከተጎተተች ማራገቢያው አቧራ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ ጥልፍ አይጀመርም። ያን ቀን ዝም ተብሎ ከተጀመረ ማሽኑ መሐል ላይ ተደነቃቅፎ የሰው ልብስ ይበላል። ይህን ያስተማራት የለም፤ ሁለት የሙሽራ ካባ አበላሽታ ራሷ የደረሰችበት ነው። እና «ጨዋታ ትጫወታለች» የተባለችው ይህችኑ ነው። ሐኪም የበሽተኛ ደረት ላይ ጆሮውን ቢያስጠጋ «ተኛ» ይሉታል እነዚህ!

ማክሰኞ የምራቷ ወንድም መጣ። ኢንጂነር ነው ይባላል። ምን እንደሠራ ያየ የለም፤ ግን ኢንጂነር ነው። የወለደችው እናቱ ሳትቀር «ኢንጂነር፣ ራት ቀርቧል» ነው የምትለው። የመጣው የእህቱን ባል፣ የባለጥልፏን ልጅ ሊጠይቅ ነበር። ልጇ አባቱ ከሞተ ወዲህ ወርክሾፑን «የሚመራው» እሱ ነው፤ መምራት ማለት በር ላይ ቆሞ ስልክ ማውራት ከሆነ እንግዲህ ደህና ይመራል።

ኢንጂነሩ በኋላው ክፍል በር አንገቱን አሰገገና ኮምፒውተሯን ሲያይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ይቺ ትሠራለች?»

«እያየሃት» አለች ባለጥልፏ። ማሽኑ የነርሶች ኪስ ላይ እየጠለፈ ነበር፣ ክፍሉ ሙሉ ጠቅ ጠቅ ይላል።

«እማማ፣ ይህ ሲስተም እኮ ድጋፍ ከተቋረጠበት ስንት ዓመቱ!»

«የማን ድጋፍ?»

«የሠሪዎቹ ነዋ። ከእንግዲህ አያውቁትም፤ ቢታመም መድኃኒት አይልኩለትም።»

«እኔም ድጋፌ ከተቋረጠ ስምንት ዓመቴ ነው። ይኸው እሠራለሁ።»

ባለካውያዋ ከወዲያኛው ክፍል ሳቋን ለቀቀችው። ኢንጂነሩ አልሳቀም፤ እንዲህ ያለ ሰው ራሱ ካልቀለደ ቀልድ አይገባውም።

«ቫይረስ ይገባባታል፣ እማማ።»

«በየት በኩል?»

«በኢንተርኔት።»

«ኢንተርኔት የላትም።»

«እ… በሌላም በኩል ሊገባ ይችላል።»

«በመስኮት?»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ልጇ ግን ከደጅ ሆኖ ከኢንጂነሩ አፍ የወጣች «ዘመናዊ» የምትል ቃል ጆሮው ጥልቅ አለች፤ እሷን ከሰማ ደግሞ ሌላ አይሰማም። ማታ ቤት ሲገቡ ምራቷ «ወንድሜ በነፃ ነው የሚሠራላችሁ» አለች። በነፃ የሚሠራ ሰው ምን ይባላል? ረቡዕ ማለዳ ኢንጂነሩ እንደ ትሪ የሳሳ ላፕቶፕ በብብቱ ይዞ ከተፍ አለ።

«ሁሉን ነገር ከአሮጊቷ ወደዚህ እገለብጣለሁ» አለ። «አሮጊቷ» ያለው ኮምፒውተሯን ነው፤ ያየው ግን ባለጥልፏን ነው።

የኮምፒውተሯን ክዳን ፈታ፣ ዲስኳን አወጣ፣ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አገናኘ፤ ሙሉ ጠዋት እያፏጨ ጠበቀ። ከዚያ «ኑ እዩ!» ብሎ ሁሉንም ጠራ። በላፕቶፑ ስክሪን መሐል ትንሽ መስኮት ተከፍቶ፣ በመስኮቱ ውስጥ የአሮጌዋ ኮምፒውተር ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«በአዲሱ ውስጥ አሮጌውን አስመስዬ አኖርኩት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ምኑንም አያውቅ፤ ድሮ ቤቱ ያለ ይመስለዋል።»

«ኳሷን ክፈታት» አለች ባለጥልፏ።

«ምን?»

«ጨዋታዋን። መጀመሪያ ኳሷን ነው የማየው።»

ኢንጂነሩ ልጇን ጠቀሰው። ልጇ ወደ መሬት አየ። ጨዋታዋ ተከፈተች፤ ባለጥልፏ ጣቷን ቁልፉ ላይ ሳታሳርፍ ኳሷ ሽው ብላ ወደቀች። ሁለተኛዋም ሽው። ሦስተኛዋም። ዓይን እርግብ ሳይል ጨዋታው አለቀ።

«ፍጥነቱን አያችሁ!» አለ ኢንጂነሩ በደስታ።

«አየን። መሮጥ የሚያስመሰግነው ፈረስን ነው። በዚህ ሩጫ ስድስት መርፌ ባንድ ጊዜ ነው የሚሰብርልህ።»

«እማማ፣ ጨዋታውን ተዪው፤ ዋናው ሥራው ነው» አለና የጥልፉን ፕሮግራም ከፈተ። ከፈተ ማለት ሊከፍት ሞከረ። ፕሮግራሙ ብቅ እንዳለ መሐሉ ላይ ዳሩ ቀይ የሆነ ሣጥን ድቅን አለ፤ ውስጡ ሁለት መስመር ጽሑፍ። ኢንጂነሩ ሲነካው ሁሉም ነገር ጠፋ። ደግሞ ከፈተ። ደግሞ ሣጥኑ።

«ምን ይላል?» አለች ባለጥልፏ።

«የፈቃድ ጊዜው አልፏል ይላል።»

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?»

«ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ።» ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፤ ፊቱ ጠቆር አለ። «ኩባንያው ከተዘጋ አሥራ አራት ዓመቱ።»

«ትናንት የነርሶቹን ኪስ ስጠልፍ ተከፍቶ ነበር?»

ባለካውያዋ ካውያውን ጨርቁ ላይ አሳርፋ ሽሽሽ አሰኘችው፣ ከዚህ በላይ መልስ የለም እንደማለት።

ኢንጂነሩ ግን፣ ፕሮግራሙ ከአሮጌዋ ገላ ጋር የተሰፋ ስለሆነ ሰው ቤት መግባቱን አውቆ ነው እምቢ ያለው ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ዲስኳን ወደ ቦታዋ መለሰ፣ ክዳኑን ገጠመ። ባለጥልፏ በዚህ መሐል ፊተኛው ክፍል ኪስ ስትቆጥር ነበር። ሰውየው እጁን እያራገፈ መጣ።

«ባዶ እጄን እንዳልሄድ አንድ በሽታ አከምኩላት፣ እማማ። ይቺ ምስኪን በየማለዳው ትጮህ አልነበር?»

«ሰላም ትለኝ ነበር።»

«ሰላም አይደለም፣ እያለቀሰች ነው! ውስጧ ያለችው ትንሿ ባትሪ ከሞተች ስንት ዘመኗ። ሶኬቷን በነቀላችሁ ቁጥር ቀኑን ትረሳለች። አዲስ ባትሪ አስገባሁላት፣ ቀኗንም አስተካከልኩላት። ከነገ ጀምሮ አታለቅስም።»

«ማን ንካ አለህ?»

«አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ስጦታዬ ይሁን።»

ሳይጠሩት መጥቶ፣ ያልታመመውን አክሞ፣ ጭራሽ ስጦታ! ባለጥልፏ ምላሷ ጫፍ የደረሰውን ዋጠችው፤ የምራት ወንድም ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሶኬቱን ሰካች። ጢጥ የለም። ነጭ ጽሑፍ የለም። ጣቷ ከሁለተኛዋ ቁልፍ በላይ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ስክሪኑ በገዛ እጁ በራ። ጨዋታዋን ከፈተች፤ ኳሷ እንደ ወትሮዋ፣ ረጋ ብላ፣ ደህና ነጠረች። «እሰይ» አለች ባለጥልፏ። ፍሬሙን ወጠረች፣ ሰማያዊውን ክር አስገባች፣ የጥልፉን ፕሮግራም ከፈተች።

ቀዩ ሣጥን ድቅን አለ።

ያው ትናንት ላፕቶፑ ላይ ያየችው ነው፤ ሁለት መስመር፣ የመጀመሪያው ረዥም፣ የታችኛው አጭር። ማንበብ ባትችልም መልክ አይጠፋትም፤ ሃያ ሁለት ዓመት አርማ ከአርማ ስትለይ የኖረች ሴት ናት።

ኢንጂነሩ ተጠርቶ ረፋዱ ላይ መጣ። እስከ ምሳ ሰዓት ኪቦርዱን ሲቀጠቅጠው ቆየና ፍርዱን ሰጠ። ዲስኳ አርጅታለች። ትናንት ስትወጣና ስትገባ ያቺው የቀረቻት ነፍስ ወጣች። ለዛሬ ባይሆን ለነገ መሞቷ አይቀርም ነበር፤ እንዲያውም ትናንት እሱ ባይመጣ ኖሮ ድንገት ሞታ ታዋርዳቸው ነበር። ይህን ሲል አንዳች ኃፍረት ፊቱ ላይ አልታየም። ገዳይ ሆኖ መጥቶ ለቅሶ ሲደርስ እንዲህ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ልጇ ስልኩን አነሳ። የደወለው ያረጀ ብረት ለሚገዛው ሰው ነው፤ ነገ ዓርብ ረፋድ መጥቶ ማሽኑንም ኮምፒውተሯንም ጠቅልሎ ይውሰድ ተባለ። ከዚያ ሻይ ቀረበ። ከግድግዳው ወዲያ «ለጨዋታው ብላ ነው» የተባለችው ያን ጊዜ ነው። ያለው ኢንጂነሩ ነው። ልጇ ደግሞ «ተው እንጂ» አላለም፤ ሻዩን ፉት አለ። ከኢንጂነሩ ቃል የልጇ ፉት ማለት ባሰባት።

ቆይቶ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ለፍተሻል። አሁን እቤት አረፍ በይ። ቦታው ላይ የወረቀት ማተሚያ እናስገባለን።»

«አባትህ የሣላቸውስ?»

«ምን ይደረግ። ሞታለች አለ እኮ፤ ባለሙያ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ልጇ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ፤ እንደ ሕፃን።

ያን ዕለት ባለጥልፏ ማሽኑን ስትወለውል ቆየች። ብረት ገዢው ከወሰደው የባሏ እጅ ሥራ ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ ሊሄድ ነው። እሷም አብራ፤ የቤት ጥግ ይዛ ቴሌቪዥን ስታይ ልትውል። የሚቀርላት ሌላ ማሽን የለም፣ የሚቀርላት ሌላ ሙያም የለም። አላለቀሰችም። የተቆጣ ሰው ለማልቀስ ጊዜ የለውም። እሷ ያሰበችው ክር ሲበጠስ የሚደረገውን ነው። ክር ሲበጠስ ለማጅ መርፌውን ይራገማል፤ ባለሙያ ግን ከመርፌው ተነስቶ ክሩን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከመርፌው ወደ ማጥበቂያው፣ ከማጥበቂያው ወደ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱ ወደ ጥቅሉ። ጥፋቱ ከነዚህ ከአንዱ አይወጣም።

ዓርብ ረፋድ ብረት ገዢው ጋሪውን ደጅ አቁሞ ገባ፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ኢንጂነሩም ሸክም ሊያግዝ መጣሁ ብሎ ገባ፤ የመጣው ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነው። ባለጥልፏ ወንበሯን ማሽኑና በሩ መሐል አድርጋ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ፤ ሰውየው ቆሟል» አለ ልጇ።

«ይቀመጥ። ሻይ ስጡት። እኔ ከኢንጂነሩ ጋር ጉዳይ አለኝ።» ወደሱ ዞረች። «ረቡዕ ዕለት ምን ምን ነካህ? አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«እማማ፣ ብነግርሽ እኮ አይገባሽም።»

«አንተ ገብቶህ የደረስክበትን አየነው። ንገረኝ።»

ብረት ገዢው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደስ ያለው ይመስላል።

«ዲስኳን አወጣሁ፣ መለስኩ» አለ ኢንጂነሩ እንደ መሰላቸት ብሎ። «እሷ ናት የተበላሸችው፤ አልኩ እኮ።»

«ኳሷ የምትኖረው የት ነው?»

«የቷ ኳስ?»

«ጨዋታዋ። የት ነው የተቀመጠችው?»

«እዚያው ዲስኳ ላይ።»

«ትናንት ጠዋት ተጫውቻለሁ። ዛሬም። ደህና ትነጥራለች። ዲስኳ ከሞተች ኳሷን ማን ያነጥራታል? አንተ?»

«ከፊሏ ሊሞት ይችላል» አለ ኢንጂነሩ።

«እሺ፣ ከፊሏ ይሙትልህ። ሌላስ ምን ነካህ?»

«ሌላ የለም።»

«ባትሪውስ?» አለች ባለካውያዋ ከወዲያኛው ክፍል። ካውያ ስትተኩስ ጆሮዋ ሥራ አይፈታም።

«ባትሪውማ ከፕሮግራሙ ጋር ምን ያገናኘዋል! ቀን ለመያዝ ብቻ ናት። ይህን ያልተማረ ሰው ነው የሚያምታታው።»

«ያልተማረ ሰው» አለች ባለጥልፏ ዝግ ብላ፤ ዝግ ስትል ነው የሚያስፈራው። «ልንገርህ። በዚያች ስክሪን ጥግ ቁጥር አለች። በየጠዋቱ የማያት፣ አንድ፣ አንድ፣ ዘጠና ስምንት ናት። ክረምት ይሁን በጋ፣ አንድ፣ አንድ፣ ዘጠና ስምንት። እንደ ጎረቤቴ በር ነው የማውቃት። ረቡዕ ላፕቶፕህ ላይ ሌላ ቁጥር ነበር፤ ቀዩ ሣጥን መጣ። አንተ ባትሪ አስገብተህ ከሄድክ በኋላ የኔም ቁጥር ተቀየረ፤ ቀዩ ሣጥን እኔም ጋ መጣ። ስምንት ዓመት ያላየሁት ሣጥን ቁጥሯን ተከትሎ ነው የሚመጣ። ቁጥሯን የቀየረው ደግሞ ባትሪህ ነው። ስጦታህን አውጣ።»

«እማማ፣ ይህ በሳይንስ…»

«አውጣ ነው የምልህ።»

ልጇ ሰዓቱን አየ። «እማዬ፣ በቃ ቢያወጣውስ ምን ሊፈጠር ነው?»

«ምንም ካልተፈጠረ እኔው ራሴ ጋሪው ላይ እጭነዋለሁ። እኔንም ጭኑኝ።»

ኢንጂነሩ ትንፋሹን እያስረዘመ፣ ልጅ እንደሚያጫውት ሰው ፈገግ እያለ፣ ክዳኑን ፈትቶ ጣቱን አስገባ። የሸሚዙ እጅጌ ቅባትና አቧራ ጠረገ። ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣላት።

«ሌላ ላስገባ?»

«ምንም አታስገባ። ባዶውን ተወው። ሶኬቱንም ንቀል፤ ማታ ማታ እነቅለው የለ።»

ነቀለ። ባለጥልፏ ትንሽ አቆየችና በገዛ እጇ ሰካችው።

ጢጥ!

በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ። ባለጥልፏ ከግራ ሁለተኛዋን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ በራ፤ ጥግ ላይ፣ አንድ፣ አንድ፣ ዘጠና ስምንት። ኳሷን አንድ ዙር አስነጠረች፤ አንድ ዙር ሙሉ፣ አራት ሰው አስጠብቃ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ የጥልፉን ፕሮግራም ከፈተች። ሣጥን የለም። የባሏ አርማዎች ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ፤ የነርሶቹ፣ የጋጋሪዎቹ፣ የእሳት አደጋዎቹ፣ የፈረሰ የኳስ ቡድን ሳይቀር። ፍሬሙ ላይ ትናንት የወጠረችው ኪስ እንዳለ ነበር። ማሽኑን አስነሳችው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ባለካውያዋ ካውያዋን ይዛ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ብረት ገዢው ተነስቶ ኪሱን አየና «ይህማ ብረት አይደለም፣ ይህ እንጀራ ነው» ብሎ፣ የቀረችውን ሻይ ጨልጦ፣ ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ከሁሉም ጨዋ እሱ ሆኖ ተገኘ።

ኢንጂነሩ ግን እንደ ድመት ነው፤ ከየትም ቢወድቅ በእግሩ ነው የሚያርፍ። እጅጌውን እያራገፈ፣ «አዎ፣ እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ። «ፕሮግራሙ የተፈቀደለት እስከ አንድ ቀን ድረስ ነው። ባትሪዋ ስለሞተች ኮምፒውተሯ በየማለዳው ያ ቀን ገና አልደረሰም ብላ ታምናለች፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ትክክለኛውን ቀን ሳስገባላት ጊዜው ማለፉን አወቀ። ከመጀመሪያውም የጠረጠርኩት የቀን ጉዳይ ነው።»

ልጇም፣ የገዛ ሆዷ ልጅ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሰማውና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጎበዝ ነህ! ደረስክበት አይደል!»

ባለጥልፏ ማሽኑን አቆመች። ልጇን አየችው፤ ረዥም አየችው። የዋለችለትን ውለታ ልትቆጥርበት አልፈለገችም፤ ቁጥሩን የሚያውቅ አይመስላትም። ለማዳን የሚመጣ ሌላ ኢንጂነር እንደማይጠፋ ግን ገብቷታል። ምራቷ ወንድም አንድ ብቻ አይደለም ያላት። እሷም ሁልጊዜ ወንበር ስባ በር ላይ አትቀመጥም፤ አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ትቀራለች፣ የዚያን ቀን አንዱ በነፃ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርቶንና ልብስ ላይ ምልክት የሚደረግበትን ወፍራም ብዕር አንስታ ኢንጂነሩ ፊት አኖረች።

«ጻፍ።»

«ምኑን?»

«ይህቺ ኮምፒውተር ባትሪ የላትም። ማንም እንዳያስገባላት። ቁጥሯን ማንም እንዳይነካ። ይህን ያወቀችው ባለጥልፏ ናት። ትልቅ አድርገህ ጻፈው፣ ክዳኗ ላይ ነው የሚለጠፈው።»

ኢንጂነሩ ልጇን አየ፤ ልጇ ጣሪያውን አየ። ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። ሲጽፍ ታየዋለች። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆም አለ፣ ከዚያ በጥድፊያ ጨረሰው። ፈገግ ብሎ ካርቶኑን ዘረጋላት።

«ይኸው፣ እንዳልሽው።»

ባለጥልፏ ካርቶኑን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ሳትዞር ወደ በሩ ዘረጋችው።

«አንቺ፣ አንብቢልኝ።»

ባለካውያዋ ካውያዋን አሳርፋ ተቀበለች። ሦስቱን እንደተባለው አነበበች። አራተኛው ላይ ሳቅም ንዴትም ተናነቃት።

«‹ይህ በባለሙያ ምርመራ የተረጋገጠ ነው› ይላል፣ እትዬ።»

ኢንጂነሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ዓይኑን ከስልክም ከጣሪያም አውርዶ እናቱን አየ።

ባለጥልፏ ካርቶኑን ተቀብላ ሁለት ቦታ ቀደደችው፤ ከጠረጴዛው ላይ ሌላ አነሳች።

«ፊደል ባልቆጥርም ሌባ እጅ አውቃለሁ» አለች። «እንደገና ጻፍ። ‹ባለጥልፏ› ብለህ፣ ከሁሉም አስበልጠህ። ከሥሩ ስምህን አስቀምጥ፤ ‹ነግራኝ አልሰማኋትም› ብለህ ፈርም። አንተም ልጄ፣ ና ወዲህ፤ ስልክህን አስቀምጥና ከጎኑ ፈርም። እሷ አንብባ እንዳልኩት ነው ሳትለኝ አንዳችሁም ከዚህ ክፍል አትወጡም።»